ሱቁ ክፍት፣ መስመሩ ዝግ

ቅዳሜ ነው እንበል፤ መርካቶ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ገዢው ከሐዋሳ መጥቷል። ዕቃውን መርጧል፣ ዋጋ ተከራክሯል፣ ተስማምቷል። ካርቶኑ ታስሮ ተሸካሚው ትከሻ ላይ ወጥቷል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ ያደርግና "ልኬያለሁ፣ አረጋግጥ" ይላል። ባለሱቁ የባንኩን መተግበሪያ ይከፍታል። ክቧ ትዞራለች። አሁንም ትዞራለች። ገዢው የስልኩን ገጽ ወደ ባለሱቁ አዙሮ አረንጓዴዋን ምልክት ያሳያል፤ ባለሱቁ ግን በሐሰተኛ የክፍያ ምስል የተበሉ ሰዎችን ታሪክ ሰምቷልና ዓይኑን ከክቧ አያነሳም። ተሸካሚው ሸክሙን መሬት ያወርዳል። ከኋላ የቆሙት ሁለት ገዢዎች ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያመራሉ። ሱቁ ክፍት ነው፤ መስመሩ ግን ተዘግቷል።

ይህ ዓይነቱ ጣጣ ለነጋዴው ወገን አዲስ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን የከፈተው በመስከረም 2015 ሲሆን ኤም-ፔሳን ያስከተለው በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ በዲጂታል ብቻ ሲሆን፣ ማደያው ነዳጅ እያለው ኔትወርክ በማጣት ብቻ ሰልፍ ማስረዘም እንደሚችል ሾፌር ሁሉ ተማረ። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ እዚያ ቤት ግብይቱ ከነጭራሹ ያለ መስመር የለም። በአጭሩ፣ ቀድሞ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ በባለሱቁ ኪስ ውስጥ ነበር። ዛሬ የቁልፉ ግማሽ ግድግዳ ላይ በተንጠለጠለች፣ አቧራ በጠጣች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው።

ይህችን ሣጥን ነጋዴው እንዴት ይመርጣታል? አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፤ "ስንት ሜጋ ነው?" ይላል። ሻጩም ትልቁን ቁጥር ይጠራለታል፤ ከዚያ ወዲያ ንግግር የለም። ይህ ግን አይሱዙ ሊገዛ የሄደ ሰው ዳገቱን ትቶ "በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይበራል?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። አይሱዙ ገዢ እንዲህ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጭነት ይዞ ጣርማ በርን ሲወጣ ይሞት እንደሆነ፣ ቢሞትም መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ነው። ኢንተርኔት ሲገዛ ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ጥንቃቄውን በር ላይ ትቶ ይገባል።

እስቲ ሜጋው ራሱ ይመርመር። በውሉ ላይ "10 ሜጋ" የሚለው ሜጋቢት ነው። ስልክና ኮምፒውተር ፋይል የሚለኩት በሜጋባይት ሲሆን አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ስለዚህ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። ይህ አንሶ የሚታየው ካለ፣ አንድ የገንዘብ ዝውውር ማረጋገጫ የሚፈልገው ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ መሆኑን ልብ ይበል። የካርድ ማሽኑም እንዲሁ ነው። የደረሰኝና የመጋዘን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራምም ቢሆን ለብዙ ሱቅ ከጥቂት ሜጋቢት አይዘልም። በቪዲዮ ከጓንጁ ወይም ከዱባይ ዕቃ አቅራቢ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር እንኳ ከአንድ እስከ ሦስት ሜጋቢት ይበቃዋል። አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት 50 እና 100 ሜጋ የሚያስፈልገው ለንግዱ ሳይሆን ለሠራተኞቹ ቲክቶክ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሜጋን በእውነት የሚበላው የደኅንነት ካሜራ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚበላው በሌላኛው አቅጣጫ ነው። ባለቤቱ ቦሌ ቤቱ ተቀምጦ የመርካቶ ሱቁን የሚያየው ካሜራው ምስሉን ወደ ውጭ ሲልክለት ነው። አንድ መደበኛ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሁለት እስከ አራት ሜጋቢት ይልካል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ደግሞ ለማውረድ የተሠራ ነው፤ ለመላክ አንድ ሜጋቢት ገደማ ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ውሉ ላይ 8 ሜጋ የሚል ጽሑፍ ይዞ "ካሜራዬ ለምን ይንቀረፈፋል?" የሚል ሰው ተታልሎ አይደለም፤ ያልጠየቀውን ነው ያልተነገረው። "ስንት ያወርዳል?" ብሎ "ስንትስ ይልካል?" አላለም። ከዚህ ጋር "እስከ" የምትለዋን ቃል ማየት ተገቢ ነው። "እስከ 50 ሜጋ" ማለት ከ50 አይበልጥም ማለት እንጂ ከ50 አያንስም ማለት አይደለም። "ያልተገደበ" የተባለውም ጥቅል ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ከፊርማ በፊት መጠየቅ አለበት።

ነገሩ ግን ከሜጋ በላይ ነው። ከላይ ያለችው የምትዞረዋ ክብ በሦስት የተለያየ በሽታ ልትዞር ትችላለች፤ የሦስቱም ምልክት አንድ ነው። አንደኛው የባንኩ በሽታ ነው። ቅርንጫፍ ውስጥ "ሲስተም የለም" በሚባልበት ሰዓት ባለሱቁ ወርቅ የሆነ ራውተር ቢገዛ የባንኩን ሲስተም አያስነሳም። ሁለተኛው የመስመሩ በሽታ ነው፤ ከቴሌው እስከ ሱቁ ያለው ገመድ ወይም ማማ ተቋርጧል። ሦስተኛው የቤት ውስጥ በሽታ ነው፤ መስመሩ እስከ ሱቁ በር ድረስ ደህና መጥቶ፣ ከበሩ ወዲህ ዋይፋዩ ከካርቶንና ከብረት መደርደሪያ ጋር ሲታገል ይወድቃል። ነጋዴው ሦስቱንም በአንድ አፍ "ኔትወርክ የለም" ይላቸዋል፤ ስለዚህም ለአንዱ በሽታ የሌላውን መድኃኒት ይገዛል። የዋይፋይ ችግር ያለበት ሰው ሜጋ ያስጨምራል። የመስመር ችግር ያለበት ራውተር ይቀይራል። የባንክ ችግር ያለበት ሁለቱንም ያደርጋል።

ለመለየት ግን ባለሙያ መጥራት አያሻም። የሱቁ ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኝና ሌላ ድረ ገጽ ይሞከር። በገመድ ሠርቶ በዋይፋይ ካልሠራ በሽታው የቤት ነው። በገመድም ካልሠራ መስመሩ ነው። ሌላው ሁሉ ሠርቶ የባንኩ መተግበሪያ ብቻ ካልሠራ የባንኩ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚጽፍ ባለሱቅ፣ ከየትኛውም ሻጭ የተሻለ ምክር በእጁ ይይዛል። የዱቤ ደብተር የሚይዝ ሰው ይህ አይከብደውም። እግረ መንገዱንም አንድ ነገር ያስተውላል፤ የባንክ አጭር መልእክትና በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያበቃው የቴሌብር *127# ቁጥር በኢንተርኔት ሳይሆን በተራው የሞባይል ኔትወርክ የሚሄዱ ናቸው። ራውተሩ ሞቶም ሊሠሩ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ካሸር "ኔትወርክ የለም" ብሎ የመለሰው ገዢ ስንት ይሆን?

መስመሩን ወደ መምረጡ ሲመጣ፣ በአዲስ አበባ ለአነስተኛ ነጋዴ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ የመዳብ ሽቦ፣ ፋይበርና የሞባይል ኢንተርኔት። መዳቡ አሮጌ ነው። ከማዕከሉ በራቀ መጠን ይደክማል፤ ከአራትና ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ተስፋ የለውም። ክረምት ሲገባ መጋጠሚያው ውኃ ይጠጣል። መብረቅ ሲመታም ኤሌክትሪኩን ይዞ እስከ ሞደሙ ይመጣል። ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ መስታወት ነው፤ ዝናብና መብረቅ አይነኩትም፤ በመላክም በማውረድም ይሻላል። ጠላቱ ቁፋሮ ነው። መንገድ በሚታረስበትና ሕንፃ በሚፈርስበት ሰፈር ያለ ባለሱቅ፣ ፋይበሩ በግሬደር ጥርስ ስንት ቀን ሊቋረጥ እንደሚችል ጎረቤቶቹን ጠይቆ ቢወስን ይሻለዋል። ያም ሆኖ ፋይበር በደረሰበት ሕንፃ መዳብ ላይ መቆየት ምክንያት የለውም።

የሞባይሉ፣ ማለትም ሲም የሚገባበት ራውተር፣ ጥቅሙ ቆፋሪ የሌለበት መሆኑ ነው። በዕለቱ ተገዝቶ በዕለቱ ይሠራል፤ ሱቅ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ጉዳቱ ማማውን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መጋራቱ ነው። ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ 40 ሜጋ ያሳየ ሲም፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት ሦስትና አራት ሜጋ ቢያሳይ አያስደንቅም። ስለዚህ ሲም ራውተር የሚሞክር ሰው፣ የሚሞክረው በሱቁ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ በገበያ ሰዓት መሆን አለበት። ደላላው በቢሮው በረንዳ ላይ የሚያሳየው ፍጥነት የበረንዳው ፍጥነት ነው።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው ክርክር መልሱ ከተቻለ ሁለቱ ነው። አበው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" ያሉት ለዚህ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ለግል ኩባንያ እስኪከፍት ድረስ ሁለተኛ ባላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለት መስመር የገባለት ሰው እንኳ ሁለቱንም ያስገባው ከአንድ ቤት ነበር። ዛሬ አንድ ሱቅ የኢትዮ ቴሌኮምን ፋይበር ዋና አድርጎ የሳፋሪኮምን ሲም በመጠባበቂያነት ሊይዝ ይችላል፤ ወይም በተገላቢጦሽ።

ነገር ግን ሁለቱ ባላዎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይተከሉ! ሁለቱም ሲም ቢሆኑና ሁለቱም ኩባንያዎች አንዱን ማማ ቢጋሩ፣ ማማው መብራት ሲያጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሳፋሪኮም ከራሱ ማማዎች ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮም የሚከራያቸው እንዳሉት የታወቀ ነው። አንዱ በመሬት፣ ሌላው በአየር ቢሆን ግን አደጋው ይለያያል። ይህም ቢሆን ለሁሉም አያድንም። ኢትዮጵያ ባሕር በር የላትምና ወደ ውጭ የሚወጣው የኢንተርኔት መንገድ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጂቡቲ በኩል ያልፋል፤ ባሕር ውስጥ ያለው ገመድ ሲቆረጥ የባሕሩ ጣጣ እስከ አውቶቡስ ተራ ይሰማል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ በተዘጋ ጊዜም፣ ሦስት መስመር ያለው ሰው አንድም ከሌለው ጋር እኩል ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ፣ የወረቀት ደረሰኝና የደንበኞችን ስልክ ቁጥር የያዘ ደብተር ነው። ሁለተኛው መስመር የሚያድነው ከዕለት ተዕለቱ መቆራረጥ ነው፤ ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ዋጋውስ? እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት እንጂ መመኘት አይጠቅምም። በቀን 60 ሺህ ብር የሚሸጥና አሥር ሰዓት የሚከፍት ሱቅ በሰዓት 6 ሺህ ብር ይሸጣል። ግማሹ በዝውውር የሚከፈል ከሆነ 3 ሺህ ብሩ በመስመሩ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢቋረጥበት 9 ሺህ ብር ሽያጭ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ብዙው ገዢ ይጠብቃል ወይም ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሲሶው ብቻ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ ቢባል የጠፋው ሽያጭ በሳምንት 3 ሺህ፣ በወር 12 ሺህ ብር ነው። ትርፉ ከመቶ 15 ቢሆን 1,800 ብር ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ሱቅ ሁለተኛው መስመር በወር ከ1,800 ብር በታች ከመጣ ያዋጣዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አያዋጣውም። የሽያጩ መጠን አንድ አሥረኛ ለሆነ ኪዮስክ ስሌቱ ወደ 180 ብር ይወርዳል። ለእሱ በስልኩ ሆትስፖት መክፈት በቂው ነው፤ ራውተር ግዛ የሚለው ሰው ከኮሚሽኑ ሌላ ምክንያት የለውም። ደብተሩ ያስፈለገው ለዚህ ስሌት ጭምር ነው። ሰዓቱን ያልጻፈ ሰው ምን ያህል እንደጠፋበት በግምት እንጂ በቁጥር አይናገርም።

ራውተሩ ራሱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙዎች ግን ከእሱ ይጀምራሉ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገና ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ካለፈ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደናረው ራውተርም ንሯል። በዚህ ዋጋ ተሳስቶ መግዛት ያማል። ፋይበር ሲገባ ከቴሌው ጋር የሚመጣው ሣጥን ለትንሽ ሱቅ ብቻውን ይበቃል። የማይበቃው ሁለተኛ መስመር ሲጨመር ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ሁለት መስመር ተቀብሎ አንዱ ሲሞት ወደ ሌላው በራሱ የሚዞር ራውተር ነው። የቲፒ-ሊንክ ኢአር605 እና የሚክሮቲክ ሄክስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ቲፒ-ሊንኩ በቀላሉ የሚሰናዳ ነው፤ ሚክሮቲኩ ሁሉን ይችላል፣ ግን የሚያውቀው ሰው ይሻል። የሚያውቀው ልጅ ሥራ ቀይሮ ከሄደ ባለሱቁ የማይከፈት ካዝና ታቅፎ ይቀራል። ሁለቱም በመደበኛ ዓይነታቸው አንቴና የላቸውም፤ ዋይፋይ አይሰጡም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ "ተበላሽቶ ነው የሸጣችሁልኝ" ብሎ የሚመለስ እንዳይኖር፣ ዋይፋይ ለብቻው በሌላ ሣጥን እንደሚጨመር ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

ሲሰናዳም ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚሞተው ገመዱ ተቆርጦ ሳይሆን ከሩቅ ነው፤ የራውተሩ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ስለዚህ ራውተሩ ገመዱን ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭ አድራሻ እየደወለ እንዲያጣራ ሆኖ መሰናዳት ይኖርበታል። አለበለዚያ ሁለተኛው መስመር ተቀምጦ የሞተውን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ካሜራው በመጠባበቂያው ሲም እንዳይልክ መከልከል አለበት። በ2 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን ከ21 ጊጋባይት በላይ ይጨርሳል። ዓርብ ማታ ፋይበሩ ቢቋረጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ባለሱቁ የሚያገኘው ባዶ ጥቅል ነው።

ከተለመዱት ኪሳራዎች ሌላው የቆሎፈ ዕቃ ነው። ሲም የሚገባባቸው ራውተሮች አንዳንዶቹ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፉ ናቸው፤ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጡትም እንዲሁ። ሻጩ ፊት የሁለቱንም ኩባንያ ሲም አስገብቶ ሳይሞክሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ያለውም ለመርካቶ ሕንፃ አይሆንም። በዚያ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይጋጩት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸውና አንድ ፎቅ ላይ ሃምሳ ሱቅ ሲያበራ ሰውና ሰው እንደማይሰማማበት የጨረታ አዳራሽ ይሆናል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ደካማ ነው፤ ለአንድ ክፍል ሱቅ ግን ይኸው ድካሙ በረከት ነው፤ የጎረቤቱም እንዲሁ ግድግዳውን አያልፍምና። ሣጥኑ ከፍ ብሎ፣ መሃል ላይ፣ ከብረት መደርደሪያና ከመዝጊያው ቆርቆሮ ርቆ ይሰቀል። ከባንኮኒው ሥር የሚያስቀምጠው ሰው ለእግሩ ነው ዋይፋይ የገዛው።

ካሸር ኮምፒውተሩና ካሜራው ግን በገመድ ይሁኑ፤ በዋይፋይ ላይ ጥሎ መጸለይ አያስፈልግም። ገመድ ሲገዛም ዓይን መግለጥ ያሻል። በገበያው "መዳብ ነው" እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ገመድ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። ሲያዩት አንድ ነው። በምላጭ ጫፉ ሲፋቅ ግን ነጭ ከታየ አልሙኒየም ነው፤ ክብደቱም ይቀላል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ለአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፤ በመዳብ ዋጋ መግዛት ግን ሞኝነት ነው።

መብራቱን ረስቶ መስመር የሚያባዛ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። መብራት ሲሄድ ፋይበሩ ደህና ነው፤ ማማውም በባትሪና በጄኔሬተር ለተወሰነ ጊዜ ይቆማል። የሚሞተው በሱቁ ውስጥ ያለው ሣጥን ብቻ ነው። ደግነቱ ይህች ሣጥን ብዙ አትበላም፤ አብዛኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ሆነው ከ6 እስከ 12 ዋት ይበቃቸዋል። ለዚህ የሚሸጠው ትንሹ የራውተር ባትሪ፣ ላዩ ላይ "10,400 ሚሊአምፒር" የሚል ቁጥር ተጽፎበት ይታያል። ቁጥሩ የተሰላው በ3.7 ቮልት እንጂ በ12 ቮልት አይደለም። ሲባዛ 38 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 8 ዋት የሚበላን ራውተር አራት ሰዓት ያህል ያኖራል። የፋይበሩ ሣጥንና ራውተሩ ሁለት ከሆኑ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን አስልቶ የሚገዛ አይከፋም። በተረፈ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት አስማሚውን እንዳያቃጥል ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ተጠቅሞ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ጠቃሚ ነው።

ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው ግን የስሙ ጉዳይ ነው። መስመሩ በማን ስም ነው? በአከራዩ ስም ከሆነ ተከራዩ ሲወጣ ቁጥሩና መስመሩ ይቀራሉ፤ ሲበላሽም ለጥገና የሚደውለው ሰው "ባለውሉ ይምጣ" ይባላል። በደላላው ወይም በቀድሞው ሠራተኛ ስም ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው። የራውተሩ የይለፍ ቃልም እንዲሁ የባለቤቱ መሆን ሲገባው፣ ብዙ ሱቅ ከፋብሪካ በመጣበት ቃል ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው የኮምፒውተር ተባይ በመላው ዓለም ካሜራዎችንና ራውተሮችን የወረረው ሌላ ጥበብ ተጠቅሞ ሳይሆን እነዚሁኑ የፋብሪካ የይለፍ ቃላት እየሞከረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘው ቪፒኤንፊልተር ደግሞ ሚክሮቲክና ቲፒ-ሊንክን ጨምሮ በ54 አገሮች ከ500 ሺህ በላይ ሣጥኖችን ይዞ ተገኝቷል። ገንዘብ የሚያልፍበትን ሣጥን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ያለ ነው።

የጎረቤት ነገርም አለ። አንዱ መስመር አስገብቶ ለስምንት ሱቅ እየበተነ ወጪውን ማካፈል በገበያ አዳራሾች የተለመደ ነው፤ በጉርብትና ወግም "አይሆንም" ማለት ያሳፍራል። ሆኖም በዚያ መስመር ከስምንቱ አንዱ ሕገ ወጥ ነገር ቢሠራ፣ ቴሌው ዘንድ የሚገኘው ስም የባለውሉ ነው። መስመርን ለሌላ ማከፋፈልና መሸጥም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለደንበኛ ዋይፋይ መስጠት የፈለገ ካፌ እንኳ በራውተሩ ላይ "የእንግዳ" የሚባለውን መስመር ለይቶ ይስጥ፤ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ስልክና የካሸሩ ኮምፒውተር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለባቸውም።

ሁሉም ተገዝቶ፣ ተሰቅሎ፣ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ለባለሙያው ቀሪ ክፍያ ከመስጠት በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ገበያው ባለበት ሰዓት፣ ባለሙያው እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ባለሱቁ ራሱ የፋይበሩን ገመድ ከሣጥኑ ይንቀለው። ካሸሩ ክፍያ ማረጋገጡን ይቀጥል፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይታይ። ቀጥሎ የመብራቱን ማብሪያ ያጥፋው። ባለሙያው በዚህ ጊዜ ፊቱን ካጠቆረና "እንዲህ አይደረግም" ካለ ቀሪው ክፍያ በኪስ ይቆይ።